የውሻ መረጣ ኮሚቴ

በግዥ ሥራ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት አንድም ጊዜ በሐሰት ቃለ ጉባኤ ላይ አልፈረምሁም። ይህን የምነግራችሁ ለመመጻደቅ አይደለም። ታሪኩ ሲያልቅ ስለሚያስፈልጋችሁ ነው።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ነው። እኔ ዳኘው በአንድ ኮሌጅ የግዥ ባለሙያ ነኝ። ባለቤቴ እሌኒ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ልጃችን ወንጌላዊት አሥር ዓመቷ ነው። አምና ደግሞ የእሌኒ አባት መሪጌታ ሣህሉ መጥተው አብረውን መኖር ጀመሩ። ቁንዝላ አጠገብ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን አርባ ዓመት ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ግላኮማ ወሰደባቸው። ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረችውን ጭላንጭል ግን በቀን ሦስት ጊዜ ጠብታ እየጨመራችሁ ጠብቋት» አለ። እሌኒ ሄዳ በጀልባ አመጣቻቸው። እንደ ተማሪዎቻቸው ሁሉ እኔም የኔታ እላቸዋለሁ።

በቤታችን ማንኛውም ጥያቄ የሚቀርበው በጽሑፍ ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሌኒ «ሕግ ሳይሆን ሕመም ነው» ትላለች። ለማንኛውም አንድ እሑድ ምሳ ላይ ወንጌላዊት በደብተር ሉክ የተጻፈ ማመልከቻ ከሳህኔ አጠገብ አኖረች።

«ለተከበሩ አባቴ። ጉዳዩ፦ ውሻ እንዲገባልኝ ስለመጠየቅ። ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው፣ እኔ አመልካች ውሻ ስመኝ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ከሁለቱ ነገዶች፣ ማለትም ከጎልደን ሪትሪቨር ወይም ከላብራዶር ሪትሪቨር አንዱ፣ ለቤቱ ደስታ ለእኔም ባልንጀራ ይሆን ዘንድ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ሌላ ዓይነት ውሻ አልቀበልም። ውሻው ቤት ውስጥ ከቤተሰብ ጋር የሚኖር እንጂ ውጭ የሚታሰር መሆን የለበትም።»

ጮክ ብዬ አነበብሁት። እሌኒ ሳቀች። የኔታ ግን እጃቸውን ከማዕዱ መለስ አድርገው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«እኔ ለልጅ ደስታ እንቅፋት አልሆንም። ግን ውሻ በሚኖርበት ቤት ድጓ አልዘረጋም። እሱ በገባ በሳምንቱ ውስጥ እኔ ወደ ቁንዝላ ነኝ። ይኸው ቃሌ ነው።»

ከዚያ ሽሮ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ። እሌኒ ጭልፋውን ይዛ ቀረች። አባቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለችው ጎጆ ተመልሰው ብቻቸውን፣ ያለ ዓይን፣ ያለ ጠብታ ሲኖሩ እየታያት እንደነበር አውቃለሁ። እኔም ያየሁት እሱኑ ነው።

ማመልከቻው እንከን አልነበረውም። ያስጠረጠረኝም ይኸው ነው። የአሥር ዓመት ልጅ «ይሆን ዘንድ» ብላ አትጽፍም። የውሻን ዘርም «ነገድ» አትለውም። ከሰዓት በኋላ ወንጌላዊትን ለብቻዋ ይዤ ማን እንዳጻፋት ጠየቅኋት።

«አባባ» አለች፤ አያቷን ማለቷ ነው፤ ምንም አልደበቀችም። «እኔ ስልክ ላይ ስለ ውሾች አነበብሁላቸው። ‹ውጭ ታስሮ የማይኖረው የትኛው ነው?› አሉኝ። ጎልደንና ላብራዶር ብቻቸውን ሲሆኑ ያዝናሉ ይላል፤ እነሱን ጻፊ አሉኝ።»

«ውሻ ከገባ አባባ እንደሚሄዱ ሰምተሻል?»

«ሄጄ እመለሳለሁ ብለውኛል።»

የኔታን ግቢ ውስጥ ከማንጎው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመዋል። አጠገባቸው ስቀመጥ በእርምጃዬ ለይተውኛል።

«የኔታ፣ ማመልከቻውን ማን ነው ያረቀቀው?»

«ጥፋት አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያ ምን አስጨነቀህ?»

ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ስማ ዳኘው። የተኛሁበት ክፍል የልጅቱ ነው፤ እሷ ሶፋ ላይ ነው የምታድር። እሌኒ ለኔ ጠብታ ስትል የሥራ ሰዓቷን አዛውራለች። አንተ በስንት ወር አንዴ እናትህን ለማየት ማክሰኝት ትሄድ ነበር፤ እኔ ከመጣሁ ወዲህ አልሄድህም። ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋ ጆሮዬ ደኅና ነው። ሂድ ብትሉኝ ቀላል ነበር። አትሉኝም። ዝም ብዬ እንዳልሄድ እሌኒ አትለቀኝም። ለእሷ የሚያጽናና፣ ለጎረቤትም የሚነገር ምክንያት ያስፈልገኛል። መሪጌታ ከውሻ ጋር አልኖርም ብሎ ሄደ ቢባል ማንም አይፈርድባትም። ለልጅቱም ክፍሏ ይመለስላታል፤ በላዩ ላይ ውሻ።»

«የቁንዝላ ቄሶች ሁሉ ውሻ አላቸው» አልኋቸው።

«ውጭ ታስሮ ነው የሚያድር። ለዚህ እኮ ነው ፈረንጁን የመረጥሁት።»

ምን ልበላችሁ፤ ተናደድሁ። ሰውየው እኛን ከእሳቸው ለመገላገል ሕፃን ልጅ አስተባብረው ሰነድ አዘጋጅተዋል። ሰነዱ ደግሞ የቤቱን ሕግ ሁሉ የጠበቀ ነው። ሸክም አይደሉም ብዬ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ፤ እንዴት እንደሚባል ግን አላውቅም። ለእንዲህ ያለው ነገር የተዘጋጀ ቅጽ የለም። አባቴ የሞተው እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ከሥራ ስገባ «ዛሬስ ማን አስቸገረህ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከየኔታ በፊት አልነበረም። የቢሮዬን ወሬ፣ የጎማ ጨረታውን፣ የወንበር ርክክቡን፣ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ «ታዲያ ያ ሰውዬ ፈረመ?» ብለው የሚጠይቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እንዲሄዱብኝ አልፈለግሁም። ፈራሁ።

ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ግዥ ማፋጠን ላይ ይህን ያህል አይደለሁም። ማዘግየት ላይ ግን የሚስተካከለኝ የለም።

ማመልከቻውን ውድቅ ባደርገው የኔታ ሌላ መሄጃ ምክንያት ያበጃሉ፤ ስለዚህ በማግስቱ ጥያቄው በመርሕ ደረጃ ተቀባይነት ማግኘቱን ለአመልካች በጽሑፍ አሳወቅሁ። ቀጥሎ ኮሚቴ አቋቋምሁ። እኔ ሰብሳቢ፣ እሌኒ አባል፣ ወንጌላዊት ጸሐፊ፣ የኔታ ያለ ድምፅ ታዛቢ። ከሁለቱ ዘሮች አንዱ እስኪመረጥ ድረስ ውሻ አይገባም፤ ውሻ እስኪገባ ድረስ የኔታ አይሄዱም። ማመልከቻውን ያረቀቁት አባቷ መሆናቸውን ግን ለእሌኒ አልነገርኋትም።

አሥራ ሁለት መመዘኛ አወጣሁ። ችግሩ ሁለቱ ተጫራቾች አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ሪትሪቨር ማለት የወደቀ ነገር አንሥቶ የሚመልስ ማለት ነው አሉ። በፈረንጅ አገር አዳኝ የመታትን ዳክዬ በአፋቸው ይዘው ላባዋን ሳያበላሹ ለጌታቸው የሚያስረክቡ ናቸው። ሁለቱም ሰው ይወዳሉ። ሁለቱም ልጅ አይነክሱም። ሁለቱም ሌባ ቢመጣ ጭራቸውን እየቆሉ ቤቱን ያስጎበኙታል። ጎልደኑ ፀጉሩ ረዥም ነው፤ ካልተበጠረ ይንጨባረራል፤ የባሕር ዳርን ሙቀት እንዴት እንደሚችለው አይታወቅም። ላብራዶሩ ፀጉሩ አጭር ነው፤ ቢሆንም እኩል ይረግፋል። ላብራዶሩ ጠገብሁ አያውቅም። ጎልደኑ ቢቆጡት ያኮርፋል። ላብራዶሩ ውኃ ካየ አይቆምም። እዚህ ላይ እሌኒ እጇን አወጣች።

«ሐይቅ ውስጥ ገብቶ የሚመጣ ውሻ ምን ይዞ ነው የሚመጣው? እኔ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ የማየውን ነገር ቤት ድረስ እንዲያመጣልኝ አልፈልግም።»

በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ። ስለዚህም ሌላ ስብሰባ አስፈለገ።

በሦስተኛው ሳምንት የመስክ ምልከታ አደረግን። ላብራዶሩ ሐይቁ ዳር አሳ ቤት ያለው የሕዝቅኤል ነው፤ ሻምበል ይባላል፤ ጥቁር ነው። ቡችላ ሳለ ሕዝቅኤል የወሰደው እንዲጠብቅለት ብሎ ነበር። ሻምበል ግን የመጣውን ተመጋቢ ሁሉ እስከ ጠረጴዛው እየሸኘ የአሳውን ራስ ይቀበላል። ወንጌላዊት እንጨት ወደ ሐይቁ ወረወረች። ሻምበል ገብቶ አመጣላት። ደግማ ወረወረች፤ ደግሞ አመጣ። በሦስተኛው እንጨቱን ትቶ ውኃው ላይ የተንሳፈፈ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነክሶ መጣ። ጠርሙሱ ገመድ ነበረው። ገመዱ መረብ ነበረው። መረቡ ውስጥ አምስት ቆሮሶ ዓሣ ነበር፤ ከኋላው ደግሞ ታንኳ ላይ የቆመ አንድ ዓሣ አጥማጅ እየተሳደበ ይቀዝፋል። ወንጌላዊት ደብተሯ ላይ «ከተጠየቀው በላይ አቅርቧል» ብላ ጻፈች።

ጎልደኑ የዶክተር ማኅሌት ነው። እሷ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ የተከራየችው ቤት ከእኛ ሁለት ሰፈር ያልፋል። የውሻው ስም ዳቦ ነው፤ መልኩም እሱኑ ነው። በር ላይ ጫማችንን አውልቀን ገባን። ዳቦ አልጮኸም፣ አልዘለለም፤ እግሬ ሥር መጥቶ ተኛ። ሻይ ጠጥተን ስንነሣ የእኔ አንድ እግር ጫማ የለም።

«ይቅርታ፣ መንገር ነበረብኝ» አለች ማኅሌት። «እንግዳ ሊሄድ ሲል እንዲህ ያደርጋል። ሰው ሲሄድበት አይወድም።»

ጫማው ከአልጋ ሥር ወጣ። አልተጎዳም፤ ርሷል ብቻ። በንብረት አያያዝ መመዘኛ ነጥብ ቀነስሁበት።

ውጤቱ ሲደመር ሁለቱም ሰማንያ አንድ፣ ሰማንያ አንድ ወጡ። እንዲህ እንዲወጡ ለማድረግ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። በእኩል ውጤት ምክንያት ግምገማው እንደገና እንዲታይ ወሰንሁ። የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜም ፈቀድሁ፤ ቅሬታ ያለው ግን አልመጣም። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ወር አለፈ።

የኔታ ከሥራ ስገባ የሚጠይቁኝን ጥያቄ ቀየሩ። «ዛሬስ ማን አስቸገረህ?» ቀርቶ «ውሻው የት ደረሰ?» ሆነ።

«በግምገማ ላይ ነው የኔታ።»

«እኩል ከወጡ ዕጣ ይጣላ። ሐዋርያትም በይሁዳ ቦታ ሰው ሲተኩ ዕጣ ነው የጣሉ።»

«ዕጣ የሚወጣው ተጫራቾች በተገኙበት ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማሰባሰብ አልተቻለም።»

«ሐዋርያት ያን ሁሉ አልጠየቁም» አሉ የኔታ። ወደ እኔ ዞሩ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ያኔ አውቀውታል ብዬ አስባለሁ። ቀጥለው ያሉት ግን «ወዳጄ፣ ቶሎ በል» ብቻ ነው።

ሥርዓቱን ያፈረሰብኝ ያለ ጨረታ የሚፈጸም ቀጥታ ግዥ ነው። ረቡዕ ዕለት ዶክተር ማኅሌት ዳቦን፣ የዳቦን ሳህንና የዳቦን ማበጠሪያ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። አዲስ አበባ የትምህርት ዕድል አግኝታ በማግስቱ ትበር ነበር። የምታድርበት ቤት ውሻ አይፈቅዱም። ወንጌላዊትን አይታ «ከእናንተ የተሻለ ሰው አላውቅም» አለች። ኮሚቴው እንዳልወሰነ ልነግራት ነበር። ወንጌላዊት ግን ገመዱን ተቀብላታለች፤ ዳቦም የቤቱን በር አልፎ ገብቷል።

እሌኒ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። «አባዬን ውሻ አስወጣብኝ» አለችኝ። ምሥጢሩ አፌ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጥሁት። ብነግራት እሷን ከመርዳት ይልቅ ለእኔ መቅለሉ ነበር። እሷ ግን እንባዋን ጠርጋ ዳቦን በረንዳ ላይ አሰረችው። አባቷ ቤት ውስጥ ውሻ እንዳይኖር ነው የጠየቁት፤ እንግዲያ ውጭ ይደር። ዳቦ ለአሥር ደቂቃ ያህል ዝም አለ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ሰው የሞተበት ይመስል ነበር።

«አስገቡት» አሉ የኔታ ከክፍላቸው። «እንግዳ ነው።»

ገባ። ቃል ቃል ነውና የኔታ ወዲያው ለባምላክ አስደወሉ። ባምላክ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ ዛሬ በሞተር ጀልባ ዱቄት ወደ ቁንዝላ ያመላልሳል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚነሣ ነገራቸው።

ሐሙስ ዕለት መቋሚያቸው ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ። ሲወድቅ ሰምቻለሁ፤ ላነሣ ስነሣ ዳቦ ቀደመኝ። በጥንቃቄ ነክሶ አነሣውና ጉልበታቸው ላይ አኖረው። የኔታ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ማን ነው ያረጠበው?»

«ውሻው ነው የኔታ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። መቋሚያ ቅኔ ማኅሌት የሚገባ ነገር ነው። እሳቸው ግን ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ባታቸው ላይ ያሉትን የቆዩ ጠባሳዎች ዳበሱ።

«የቆሎ ተማሪ ሳለሁ አኮፋዳ ይዤ በየደጁ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ስል የጎጃም ውሻ ሁሉ ያውቀኝ ነበር። ይኸ የደንበጫው ነው፤ ይኸኛው የቡሬው። ዱላዬን የቀማኝ ስንቱ ነው። የመለሰልኝ የለም።»

ከዚያ መቋሚያውን በጠበል እንድናጥበው አዘዙን። አጠብነው። ከሰዓት በኋላ እንደገና ጣሉት። መቋሚያ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከእጃቸው ሲያመልጥ አይቼ አላውቅም። ዳቦ አመጣላቸው። በሦስተኛው ጠበሉ አለቀብን።

ዓርብ ምሳ ላይ ከሳህኔ አጠገብ ሁለተኛ ማመልከቻ አገኘሁ። የኔታ የዚያን ዕለት ጠዋት ወንጌላዊትን «ክፍልሽ ነገ ይመለስልሻል» ብለዋት ነበር። እሷም መቼ እንደሚመለሱ ስትጠይቃቸው መልስ አልሰጧትም። ማመልከቻው ርእስም ቀንም የለውም፤ ፊደሉም የተዛባ ነው።

«አባ መጀመሪያ የጻፍኩት ይቅርብኝ። አባባ አይሂዱ። ክፍሉን አልፈልገውም ሶፋው ይመቸኛል። ዳቦም ከሶፋው ሥር ነው የሚተኛው። ዳቦ መሄድ ካለበት ይሂድ ግን የሚሄድበት የለውም።»

እንደተለመደው ጮክ ብዬ አነበብሁት። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«‹ይሆን ዘንድ› የሚል አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያ የራሷ ነው» አሉ። ቀጥለው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቃሌን አውጥቻለሁ። ባምላክም ቦታ ይዞልኛል። ሰው በሽምግልናው እንዴት ቃሉን ያጥፋ?»

እሌኒ «የውሻው ነገር ይቅር፤ ልጅቱ እየለመነች እንኳ መሄድ አለ?» አለች። የኔታ ሊቀሩ እንደፈለጉ በፊታቸው ላይ አየሁ፤ መቅሪያ ምክንያት አጥተው ነው። መሄጃውን ሲያበጁ የደከሙትን ያህል መቅሪያውን አላዘጋጁም። እኔም ብሆን አላዘጋጀሁም።

ዳቦ ከመጣ ወዲህ የቤቱን ጫማ ሁሉ እሌኒ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ነው የምታስቀምጠው። ቅዳሜ ጠዋት የሁላችንም ጫማ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ከየኔታ ጫማ በቀር። የእሳቸው በሩ ሥር መሬት ላይ ተደርድሯል። ማን እንዳወረደው በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም።

ባጃጁ ደጅ ቆሟል። ድጓው በማኅደሩ ገብቶ፣ ጋቢው ታጥፎ፣ ጠብታው ከነማስታወሻው በፌስታል ተቋጥሮ ሳሎን ተቀምጧል። የኔታ ወንበር ላይ ሆነው ሁላችንንም በየተራ መረቁን። ወንጌላዊትን ሲመርቁ እጃቸው ራሷ ላይ ቆየ። ሲጨርሱ ዳቦ ከተኛበት ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። አየሁት። እሌኒም አየችው። ወንጌላዊትም አየችው። ማናችንም «ሂድ ከዚያ» አላልንም።

«እንግዲህ ጫማዬን» አሉ የኔታ።

እሌኒ በሩ ጋ ሄደች። «አንዱ አለ» አለች። «አንዱ የለም።»

«ፈልጉት እንግዲህ። ባምላክ ሰው አይጠብቅም።»

ወንጌላዊት በጉልበቷ ተንበርክካ ከሶፋው ሥር አየች። ዳቦ ጫማውን በሁለት እግሩ መሐል ይዞ ያኝካል። በማኅሌት ቤት ጫማዬን አርጥቦ ብቻ ነበር የተወው፤ ይህንን ግን ከልቡ ያኝከዋል። ድምፁ ሳሎኑን ሞልቶታል። ልጄ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«እዚህ የለም» አለች።

እሌኒ ቀጥላ ጎንበስ አለች። እሷም አየች። ስትነሣ ፊቷ ቀልቷል። «የለም አባዬ» አለች።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። እኚህ ሰው ጎረቤት ካለ ሬዲዮ ውስጥ አንድ ደብተራ አንዲት የዜማ ምልክት ቢያዛባ ከአልጋቸው ተነሥተው የሚያርሙ ናቸው። በዚያ ቤት ውስጥ ያን ማኘክ ከእሳቸው አስበልጦ የሚሰማ ጆሮ አልነበረም።

«ዳኘው፣ አንተ ሐሰት አትጽፍም» አሉኝ። «አየኸው?»

አሥራ ሰባት ዓመት። ሶፋው ሥር ጎንበስ ብዬ ዳቦን ፊት ለፊት አየሁት። ጭራውን ቆላልኝ።

«አላየሁም የኔታ» አልሁ። ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ በሙሉ ድምፅ የወሰነው ይህንን ብቻ ነው።

የኔታ አዳመጡ። ማኘኩ ቀጥሏል። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለወንጌላዊት ሰጧት፤ ለባምላክ ደወለችላቸው።

«ባምላክ፣ አንተ ሂድ። ጫማዬ አልተገኘም።»

ባምላክ ሌላ ጫማ ስለማድረግ ነገር የጠየቃቸው መሰለኝ።

«ሌላማ አለኝ። ግን ንብረት ጠፍቶ እያለ እንዴት እሄዳለሁ? ዳኘው እየፈለገልኝ ነው።»

ባምላክ አሁንም ጠየቀ።

«መቼ እንደሚያገኘው? እንጃ ልጄ። አንተ ዳኘውን አታውቀውም። መጀመሪያ ኮሚቴ ነው የሚያቋቁም።»

ስልኩን መለሱላት። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና በወንበሩ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«እሌኒ፣ የጠብታዬ ሰዓት አልደረሰም?» አሉ።

መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ጠብታውን ራሳቸው ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እሌኒ ፌስታሉን ፈታች። እኔ ወጥቼ ባጃጁን አሰናበትሁት።